አስቸኳይ! የሶሌታ ፌሮ ጎደለብኝ፤ ሥራ ከጀመርኩ 12 ቀኔ ነው

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሲቪል ነው የጨረስኩት። ስምንት ወር ሙሉ «0 ዓመት ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ሳሳድድ ከርሜ ገና አሁን አንድ ሳይት ገባሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ የሶሌታውን (የኮንክሪት ወለሉን) ፌሮ አስልቶ ማዘዝ ነበር። 163 ቤርጋ (ባለ 12 ሜትር ዘንግ) አዘዝኩ። ሲገባ አንድ በአንድ ቆጥሬ ነው የተረከብኩት። ዛሬ 11 ሰዓት ላይ ፌራዮው (ፌሮ ቆርጦ የሚያስረው) መጥቶ «ኢንጂነር፣ ፌሮ አልቋል። ወደ 40 ቤርጋ ይጨመር» አለኝ። ጥግ ላይ ያሉት ክፍሎች ባዷቸውን ናቸው። ሐሙስ የኮንክሪት ሙሌት አለ። አለቃዬ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት መጥተህ አስረዳኝ ብሎኛል። ሰውየው ፌሮ እየሸጠ ነው መሰለኝ። እንዴት ነው የማጋልጠው? እባካችሁ ቶሎ።

ቱንቢ፦ ሶሌታው ስንት በስንት ነው? የስንት ፌሮ? በስንት ሳንቲም ርቀት? እኛ ጠንቋይ አይደለንም።

ፎርሙላ፦ ዲያሜትሩን በራሱ አባዛና ለ162 አካፍል። ዲያሜትሩ በሚሊ ሜትር ከሆነ የአንድ ሜትሩን ኪሎ ይሰጥሃል። ለ10 ፌሮ 0.617 ነው።

ጀማሪው፦ ይቅርታ፣ ተጣድፌ ነው። 16 ሜትር በ9 ሜትር። ሁሉም 10 ፌሮ፣ በሁለቱም አቅጣጫ በየ15 ሳንቲም። ባለ 16 ሜትሩ 61፣ ባለ 9 ሜትሩ 108። ድምሩ 1948 ሜትር። ለ12 ሳካፍለው 163 ቤርጋ ይመጣል። ፎርሙላውን አውቀዋለሁ፣ ወደ 1202 ኪሎ ነው።

የድሮ ምሩቅ፦ የዘንድሮ ልጆች ነገር! ኢንተርንሺፕ ተብሎ ሲላክ ወረቀቱን አስፈርሞ ቤቱ ይተኛል። ከዚያ በመውጫ ፈተና 50 ስላመጣ መሐንዲስ የሆነ ይመስለዋል። እኛ ሳይት ስንገባ ስድስት ወር ሲሚንቶ ስንቆጥር ነው የከረምነው። ካሳፎርማ (ኮንክሪት የሚሞላበትን ቅርጽ) ተሸክመናል። ከፌራዮ ጋር ቁጭ ብለን ስታፋ (ቀለበት ፌሮ) አጥፈናል። እናንተ ኤክሴል ከፍታችሁ ሰው ሌባ ትላላችሁ። ቁርጥራጩን ሄደህ አይተኸዋል? እሱን ሳታይ አትናገር።

ሰፈርተኛ፦ «ኢንጂነር» ሲልህ ደስ ብሎህ ነበር አይደል? ሳይት ላይ «ኢንጂነር» ብለው ከጠሩህ ወይ ፊርማ ይፈለጋል፣ ወይ ጥፋት ሊለጠፍብህ ነው።

አቋራጭ፦ ምን ያስጨንቅሃል? የቀረውን በየ20 ሳንቲም አዘርጋው። ማን ይለካዋል?

ቱንቢ፦ አቋራጭ፣ አንተ እዚያ ሕንፃ ውስጥ አትኖርም መሰለኝ። ከ15 ወደ 20 መሄድ ማለት ከአራት ፌሮ አንዱን መንጠቅ ነው። ዲዛይነሩ ሳይፈቅድ አንዲት ሳንቲም አትነካም። ደግሞ ተቆጣጣሪው ከሙሌት በፊት ሜትሩን ይዞ ነው የሚመጣው። ልጁን በ12 ቀኑ ልታስባርረው ነው?

ፌቨን ሳይት፦ ወንድሜ፣ ሌባ የለም። የጎዳህ «ለ12 ሳካፍለው» ያልካት ናት። ባለ 16 ሜትር ፌሮ ገበያ ላይ የለም፣ ቤርጋው 12 ነው። ስለዚህ ረጅሙ አንድ ሙሉ ቤርጋና ቅጥያ ነው። ኦቨርላፑን (ሁለቱ ፌሮ የሚደራረቡበትን) 50 ዲያሜትር ብትይዘው ግማሽ ሜትር ይሆናል፣ ቅጥያው 4.5 ሜትር ማለት ነው። ከአንድ ቤርጋ ሁለት ቅጥያ ይወጣል፣ 3 ሜትር ይተርፋል። 61 ሙሉና 31 ለቅጥያ፣ 92። ባለ 9 ሜትሩ ደግሞ ከአንድ ቤርጋ አንድ ብቻ ነው የሚወጣው፤ እዚህም 3 ሜትር ይተርፋል። 108። ድምር 200። 163 አዘሃል፣ 37 ጎደለህ። ፌራዮው ያለ ካልኩሌተር 40 አለህ። የኦቨርላፑን ልክ ግን ከድሮዊንጉ አረጋግጥ፣ እኔ በግምት ነው የያዝኩት። ቅጥያዎቹም ሁሉ አንድ መስመር ላይ እንዳይወድቁ፣ ግራና ቀኝ እያቀያየረ ይዘርጋቸው።

ፎርሙላ፦ በኪሎ ከፈለግክ አንዱ ቤርጋ 7.4 ኪሎ ነው። 37ቱ 274 ኪሎ ገደማ። ዲያሜትሩን በራሱ አባዝተህ ለ162...

ጀማሪው፦ ወይኔ! የ3 ሜትር ቁርጥራጭ ከካሳፎርማው ጀርባ ተቆልሎ አይቼ «ይኸው፣ ደብቆት ነው» ብዬ ነበር። በስልኬም አንስቼዋለሁ።

ፌቨን ሳይት፦ ፎቶውን አጥፋና ድሮዊንጉን ክፈት። ቢሞቹ (የኮንክሪት አግዳሚዎቹ) ላይ የሚያልፈው የላይኛው ፌሮም 10 ከሆነ፣ ርዝመቱም ከ3 ሜትር ካልበለጠ፣ ከዚያ ቁልል ነው የሚወጣው። ለእሱ አዲስ ቤርጋ አታስቆርጥ። ለአለቃህም ይህንኑ ንገረው፤ 37 ጎደለ ብለህ ብቻ አትግባ፣ ከቁርጥራጩ ይህን ያህል እጠቀማለሁ በል። ከዚያ በፊት ግን 1 ሰዓት ላይ ፌራዮው ጋ ሂድ። ሻይ ጋብዘውና «ጋሼ፣ እንዴት እንደምትቆርጠው አሳየኝ» በለው።

ጀማሪው፦ ችግሩ ማታውኑ ለስቶር ኪፐሩ «ሌባ ነው» ብዬ ነግሬዋለሁ።

ሰፈርተኛ፦ እንግዲያው ሻይ አይበቃም። ጥሬ ሥጋ ነው።

የድሮ ምሩቅ፦ አላልኩም?

ቱንቢ፦ ጀማሪው፣ ዛሬ ዓርብ ነው። ሞላችሁ?

ቱንቢ፦ ጀማሪው?

ውሃልክ፦ ሰላም፣ እኔም አዲስ ምሩቅ ነኝ። ለኮለን (ለምሰሶ) 14 ፌሮ እንዳዝ ታዝዤ ነው። ከየት ልጀምር?

ፎርሙላ፦ ዲያሜትሩን በራሱ አባዛና ለ162 አካፍል።