ተጨማሪው የጤና ብር ለመከላከል ይዋል ወይስ ለማከም?

አወያይ፦ ለዛሬ የቀረበው ጥያቄ አንድ ነው። መንግሥት ለጤና ተጨማሪ ገንዘብ ቢያገኝ ለኩላሊት እጥበትና ለካንሰር ሕክምና ያውለው፣ ወይስ ለክትባት፣ ለአጎበርና ለጤና ኤክስቴንሽን ሥራ? «ሁለቱም ያስፈልጋሉ» የሚለውን ሁላችንም ስለምናውቀው፣ እባካችሁ የቱ መቅደም እንዳለበት ከነምክንያቱ ግለጹ።

የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ፦ መከላከል ይቅደም እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016ቱ ጥናት ይህ ቁጥር ወደ 67 ወርዷል። ለውጡ ብዙ ምክንያቶች ቢኖሩትም፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረውና ሴት ሠራተኞችን በየቀበሌው ጤና ኬላ ያሰማራው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የነበረውን ድርሻ መካድ አይቻልም። መከላከል ሲላላ ምን እንደሚመጣም በወባ አይተነዋል፤ በ2024 እስከ ጥቅምት ድረስ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ግጭቱና የአየር ጠባዩ ያባባሱት ቢሆንም፣ አጎበርና ርጭት በየጊዜው መታደስ ያለባቸው ሥራዎች እንጂ አንዴ ተሠርተው የሚተዉ አይደሉም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ በቁጥሮቹ ላይ ከእርስዎ ጋር ክርክር የለኝም። ነገር ግን ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ጊዜ ደሙን በማሽን መታጠብ ሲኖርበት፣ ገንዘብ ሲያጥረው ወደ ሁለት፣ ቀጥሎም ወደ አንድ ዝቅ ያደርጋል፤ ቤተሰቡ ከብቱን ሸጦ ሲጨርስ ፎቶውን ይዞ በማኅበራዊ ሚዲያ ዕርዳታ ይለምናል። ይህን ሰው «ቀድመህ ብትከላከል ኖሮ» ማለት ለእርሱ መልስ አይሆንም። ኩላሊትን የሚጎዳውን የደም ግፊት ለክቶ የሚነግረው ሰው በአቅራቢያው አልነበረምና።

አዋላጅ ነርስ፦ እኔ በሥራዬ የማየው ሁለቱ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ነው። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 5 ገደማ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 26 ከፍ ብለዋል። እናቶቹን ከቤት ያስወጣቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ምክር ነው። ሆኖም ከወለደች በኋላ ደም የሚፈሳት እናት የሚያድናት ምክር አይደለም፤ መድኃኒቱ፣ ደሙ፣ አምቡላንሱና የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ናቸው። ወደ ተቋም ኑ ብለን ጠርተን እነዚህን ካላዘጋጀን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጎረቤቷም አትመጣም። ስለዚህ ተጨማሪው ብር በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያውና ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ ይሂድ።

የምጣኔ ሀብት ባለሙያ፦ እህቴ ባሉት እስማማለሁ፤ የደም ግፊት ኪኒንም ለዚሁ ምስክር ነው። በመዝገብ ሕክምና ተብሎ ቢያዝም፣ ሥራው የነገውን ስትሮክና የኩላሊት ድካም መከላከል ነው። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 በአቡጃ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለማዋል ቃል ቢገቡም አብዛኞቹ አገሮች አልደረሱበትም፤ እጥረቱ እስካለ ድረስ ምርጫው አይቀርም። በደቡብ አፍሪካ የዌስተርን ኬፕ ግዛት፣ በመንግሥት ወጪ ለሚሰጠው ቋሚ እጥበት ቅድሚያ የሚያገኙት የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሊደረግላቸው የሚችሉ ሕሙማን ናቸው። እኛም ዘንድ ምርጫ እየተደረገ ነው፤ የሚመርጠው ግን የቤተሰብ ኪስ ነው።

የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ፦ ለጤና ጣቢያው የሚውለውን አልቃወምም። የምሰጋው ሌላ ነው፦ የእጥበት ማሽን ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጥለታል፤ ያልታመመን ሕፃን ግን ማንም አይመርቅም። ስለዚህ የክትባትና የወባ መከላከያ በጀት ወደ ሌላ ርዕስ እንዳይዛወር በሕግ ይታሰር።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ እንደ ዌስተርን ኬፕ ያለውን የእጥበት ቅድሚያ ደንብ በሁለት ሁኔታ እቀበላለሁ። አንደኛ፣ ማን እንደሚታከም አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን፤ ለአዲስ አበባውም ለጋምቤላውም እኩል ይሥራ፤ ውሳኔውም በተረኛው ሐኪም ጫንቃ ላይ አይውደቅ። ሁለተኛ፣ የግፊትና የስኳር መድኃኒት ከጤና ጣቢያ እንዳይጠፋ ገንዘቡ አስቀድሞ ይመደብ። ሁለተኛው ካልተሟላ የቅድሚያ ደንቡን አልፈርምም።