የአውሮፕላን ጥገና በበጎ ፈቃድ፦ ፈቃድ የሌለው ሰው ምን መሥራት ይችላል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የመኪና መካኒክ ነኝ፣ የምኖረው አሜሪካ ነው። በቅርቡ የሲቪል ኤር ፓትሮል አባል ሆኛለሁ። ለማታውቁት፣ እ.ኤ.አ. በ1941 የተቋቋመ የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት ነው፤ የአየር ኃይሉ ረዳት ሆኖ ይሠራል። የጠፋ አውሮፕላን ይፈልጋል፣ አደጋ ሲደርስ ከአየር ላይ ፎቶ ያነሳል። አውሮፕላኖቹ በብዛት ባለ አንድ ሞተር ሴስናዎች ናቸው።

ፓይለት አይደለሁም። የአውሮፕላን መካኒክነት ፈቃድም የለኝም። ግን ጥገናው ላይ ማገዝ በጣም እፈልጋለሁ። ምን ይፈቀድልኛል? የምሠራው ሰዓትስ ወደፊት ለፈቃድ ይቆጠርልኛል?

መልስ፣ ከፈቃድ ያለው መካኒክ

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። በኤፍኤኤ (የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ደንብ ክፍል 43 መሠረት ፈቃድ የሌለው ሰው ፈቃድ ባለው መካኒክ ሥር ሆኖ መሥራት ይችላል። መካኒኩ ግን ሥራው በትክክል መሠራቱን ለማረጋገጥ በሚበቃ መጠን በዓይኑ ማየት አለበት። ስትጠይቀው እዚያው በአካል መገኘት አለበት። በስልክ እየተጠየቀ መምራት አይሆንም።

በዚህ መንገድ የማትነካው ነገር አለ፤ ምርመራ። በየ12 ወሩ የሚደረገውን ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርገው የምርመራ ሥልጣን ያለው ሰው ራሱ ነው። አንተ ኮፈን ልትፈታ፣ ልታጸዳ፣ ልትገጥም ትችላለህ። አይቶ «ደህና ነው» የሚለው ግን እሱ ነው።

ሌላው፣ ድርጅቱ ዋና ዋና ጥገናዎችን የሚያሠራው ባለሙያ ጥገና ቤቶች ጋር ነው። የራሱም ደንብ አለው፤ ከኤፍኤኤ ደንብ የበለጠ ጥብቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መፍቻ ከማንሳትህ በፊት የጥገና ኃላፊውን ጠይቅ።

መልስ፣ ከፓይለት አባል

ዘይት መቀየር፣ ጎማ መቀየር፣ ካንዴላ ማጽዳት የመሳሰሉት «የመከላከል ጥገና» ይባላሉ። የግል ፓይለት ፈቃድ ያለው ሰው ራሱ በሚያበረው አውሮፕላን ላይ እንዲሠራቸው ደንቡ ይፈቅዳል። አንተ ፓይለት ስላልሆንክ ይህ በር ለብቻህ አይከፈትልህም። ቅር አይበልህ፤ የሚያስፈልገን ሰው ሌላ ቦታ ነው የጎደለው።

መልስ፣ የጥገና ኃላፊ ሆና ከምታገለግል አባል

እኔም ፈቃድ የለኝም፣ ግን ሥራ ፈትቼ አላውቅም። አውሮፕላን መሬት ላይ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ የመካኒክ እጥረት አይደለም፣ የክትትል እጥረት ነው። የሞተሩን ሰዓት እከታተላለሁ። ዘይቱ መቼ መቀየር እንዳለበት፣ ምርመራው መቼ እንደሚደርስ፣ የትኛው ክፍል ዕድሜው እያለቀ እንደሆነ አስቀድሜ አውቃለሁ። አውሮፕላኑን ወደ ጥገና ቤት የሚወስድ ፓይለት እፈልጋለሁ። ሲመለስ ሎግቡኩን፣ ማለትም የጥገና መዝገቡን፣ አነባለሁ፤ የተሠራው ሥራ፣ ቀኑ፣ ፊርማውና የፈቃድ ቁጥሩ መኖሩን አያለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን ብልሽት በትክክል እንዲጻፍ እታገላለሁ። «ሞተሩ ይንቀጠቀጣል» ብሎ የጻፈ ፓይለት ለመካኒኩ ምንም አልነገረውም። «በ1,800 አርፒኤም (የሞተር ዙር በደቂቃ) ሲሞከር በግራው ማግኔቶ (ለካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ክፍል) ዙሩ ከ150 በላይ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ሞቆ ነበር» ቢል ግን ፍለጋው ከየት እንደሚጀምር ይታወቃል። አንተ የመኪና መካኒክ ስለሆንክ ደንበኛ ሲያስረዳ የትኛውን ጥያቄ መጠየቅ እንዳለብህ ታውቃለህ። ፓይለቶቻችንን እንዲህ እየጠየቀ የሚያጽፍ ሰው ባገኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።

መልስ፣ ከመኪና ወደ አውሮፕላን ከተሻገረ መካኒክ

ከመኪና ጋራዥ ለምትመጣ ሰው የምመክርህ አለኝ። የመኪና ዘይት የሴስና ሞተር ውስጥ በፍጹም አታድርግ። ውስጡ ያሉት ብረት ነክ ጭማሪዎች ሲቃጠሉ አመድ ይተዋሉ። አመዱ ሲግል ነዳጁ ካለጊዜው እንዲቀጣጠል ያደርጋል፤ ሞተሩም ይጎዳል።

ብሎን በእጅ ስሜት አታጥብቅ፤ ልኩ ማኑዋሉ ላይ አለ፣ በቶርክ መፍቻ ነው። የተፈታ ኮፒልያ (ዳዶ እንዳይላላ የሚይዝ ሽቦ መሰል ፒን) መልሰህ አትጠቀም። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የተገዛ ብሎን ቢገጥምም አይገጠምም።

ፕሮፔለሩን ደግሞ ሁልጊዜ ሊነሳ እንደሚችል አድርገህ ቁጠረው። የማስነሻ ቁልፉ ተዘግቶ እንኳ የማግኔቶው የመሬት ሽቦ ከተበጠሰ፣ በእጅ ሲዞር ሞተሩ ሊቀጣጠል ይችላል። ይህን በቀልድ አትየው፣ ሰው የሚሞትበት ነገር ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ለኤርፍሬም (የአውሮፕላኑ አካል) ወይም ለፓወርፕላንት (ሞተሩ) ፈቃድ ብቻ 18 ወር፣ ለሁለቱም አንድ ላይ 30 ወር የተግባር ልምድ ይጠየቃል። ዕድሜ 18 መሙላትና እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገርም አለ። ወሩ የሚሰላው በሙሉ ሰዓት ሥራ ስለሆነ በትርፍ ጊዜ ብቻ መሙላት ረጅም ዓመት ይወስዳል። የወረቀት ክትትል እንደ ጥገና ልምድ አይታሰብም። በእጅህ የሠራኸውን ግን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሠራኸውን ክፍል ጽፈህ መካኒኩን በዚያው ቀን አስፈርም። ከዓመት በኋላ ፈርምልኝ ብትለው አያስታውስም።

ጠያቂው

በጣም አመሰግናለሁ። ክትትሉን መጀመር እፈልጋለሁ። ለኃላፊው መጀመሪያ ምን ልበለው?

መልስ፣ ከጥገና ኃላፊዋ

ክፍት የሆኑትን ብልሽቶች ዝርዝር እንዲያሳይህ ጠይቀው። ከዚያ በጣም የቆየውን አንዱን ምረጥና እስኪዘጋ ተከታተለው።