«አንዲት ዶንግል ብቻ»

ጥቁር ስክሪን፦ ትናንት ትሪስኬል (ምንጩ የተደበቀ ዝግ ኮድ የማያስገባ ሊኑክስ ሲስተም) ጫንኩና ዋይፋዩ እምቢ አለኝ ብዬ እዚህ ግሩፕ ላይ ብጠይቅ ሩት የመለሰችልኝን አያችሁ? «ችግሩ የዋይፋይ ካርድህ ነው፤ አንዲት ዶንግል ብቻ ግዛ» አለችኝ፤ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ዋይፋይ ማለቷ ነው። እስከ ትናንት ደህና ሲሠራ የነበረ ካርድ እኮ ነው! ያው ካርድ ዴቢያን 12 የሚባለው ሌላ ሊኑክስ ላይ ያለ ምንም ጣጣ ይነሳል። አሁን ጥፋተኛው እኔ ነኝ?

ሩት፦ ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ፈርምዌሩን፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራውን ኮድ፣ የደበቀው የካርዱ አምራች ነው። በሱ ተናደድ እንጂ በትሪስኬል ምን አናደደህ? ዴቢያን ላይ የሠራልህ አዘጋጆቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ድምፅ ሰጥተው ዝግ ፈርምዌር ዋናው መጫኛ ውስጥ ስለከተቱ ነው። ሙሉ ነጻ ሲስተም ፈልጌ ነው ካልክ ሙሉ ማለት ሙሉ ነው። ደግሞ ሴት አይደለሁም። ሩት ማለት ሱፐርዩዘሩ ነው፣ ሊኑክስ ላይ ሁሉን ማድረግ የሚችለው ተጠቃሚ።

ባለ ሁለት ሲስተም፦ ቆይ ቆይ። ሦስት ወር ሙሉ «እህቴ» ስልህ ዝም ያልከኝ ለምንድን ነው?

አሮጌው፦ ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። እስቲ ያቺን «ብቻ» እንያት። ያለ ዝግ ፈርምዌር የሚሠሩት የታወቁት ዶንግሎች ኤአር 9271 የሚባለውን ቺፕ የያዙ ናቸው። ፈርምዌሩ እ.ኤ.አ. በ2013 ነጻ ሲወጣ ከተደሰቱት አንዱ እኔ ነኝ። ግን 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። የፍጥነቱ ጣሪያ በሰከንድ 150 ሜጋቢት ነው፣ እሱም በወረቀት ላይ። ብሉቱዙስ? ግራፊክስ ካርዱስ? ለነሱም አንዲት ዶንግል ብቻ?

ሩት፦ 150 ሜጋቢት ለማንበብና ለመጻፍ አነሰህ? ነጻነት ዋጋ ያስከፍላል።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ ነጻ ነው እያላችሁ «ግዛ» እና «ዋጋ» ምን አመጣው?

ዝምተኛዋ፦ ወይ ጉድ! ነጻ ሌላ፣ በነጻ ሌላ። የነጻ ሶፍትዌር አባት ስቶልማን ግኑ የተባለውን ነጻ ሲስተም እ.ኤ.አ. በ1983 ካወጀ ጀምሮ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሁለቱን «ፍሪ» በሚል አንድ ቃል እየጠራ ሲያብራራ ይኖራል። እኛ «በ» የምትባል አንዲት ፊደል ተሰጥታን እያለ አንጠቀምባትም።

ባለ ሁለት ሲስተም፦ አንዲት ፊደል ብቻ :)

አዲስ ገቢ፦ ታዲያ «ክፍት ምንጭ» በሉትና ተገላገሉ።

ሩት፦ አንልም! ያ ስም በ1998 የመጣው «ነጻነት» የሚለው ቃል ነጋዴዎችን ስላስፈራ ነው።

አሮጌው፦ ተጀመረ። ማታ ድረስ እዚሁ ነን።

ጥቁር ስክሪን፦ ወደ ዶንግሏ እንመለስ። የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን መመዘኛ እኮ ግራ ያጋባኛል። ዝጉ ፈርምዌር ቺፑ ላይ ተቀርጾ ከመጣና የማይቀየር ከሆነ ችግር የለውም። ያው ኮድ ከዲስክ ከተጫነ ግን ኃጢአት ነው። ዓይንህን ጨፍን ላሞኝህ ማለት ይሄ አይደል?

ሩት፦ አይደለም። የማይቀየር ነገር እንደ ሽቦው ነው፤ አምራቹም አንተም እኩል ናችሁ። ከዲስክ የሚጫነውን ግን እሱ ባሻው ጊዜ ይቀይረዋል፣ አንተ አትችልም። ልዩነቱ ሥልጣን ነው።

ዝምተኛዋ፦ ይሄ እንኳ ጥሩ መልስ ነው። ለሩት ነጥብ ሰጥቻለሁ።

አሮጌው፦ እኔ አልሰጠሁም። እ.ኤ.አ. በ2018 ስፔክተር የሚባለው የፕሮሰሰር ቀዳዳ ሲወጣ ምን ሆነ? ፕሮሰሰርህ ውስጥ ዝግ ማይክሮኮድ፣ እሱን የሚመራ ኮድ፣ ድሮም አለ። ማስተካከያው ሲመጣ ትሪስኬል «ዝግ ነው» ብሎ አያቀርብልህም። ስለዚህ፣ ባዮስህ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ኮድ) ካላመጣልህ በቀር፣ ያው ዝጉ ኮድ ከነቀዳዳው ይቀመጣል። ዝግ ኮድ አልቀነስክም። አሮጌውን ዝግ መረጥክ እንጂ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ሩት፦ ማስተካከያው ውስጥ ምን እንዳለ ማን አይቶታል? አንተ አይተሃል?

አሮጌው፦ አሮጌው ውስጥስ ምን እንዳለ አንተ አይተሃል?

ጥቁር ስክሪን፦ ባዮስን የሚተካው ሊብሬቡት እንኳ በ2022 ፖሊሲውን አላልቶ፣ የግድ በሚሆንበት ቦታ ዝግ ኮድ ፈቅዷል። እነሱም ነጻነትን ሸጡ ልትል ነው?

ሩት፦ ሊብሬቡትን አታንሳብኝ። ደሜ ይፈላል።

ዝምተኛዋ፦ ሩት፣ በቅንነት ልጠይቅ። አሁን የምትጽፈው ከምንድን ነው?

ሩት፦ ቤት ውስጥ ቲንክፓድ ኤክስ 200 ላፕቶፕ አለኝ፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያለ ሞዴል፣ አንድም ዝግ ፈርምዌር ከዲስክ አይጭንም።

ዝምተኛዋ፦ ቤት ውስጥ ምን አለህ አላልኩም። አሁን ከምን ነው የምትጽፈው?

ሩት፦ ከስልክ። ግን ስለ ስልክ አይደለም የምናወራው።

አሮጌው፦ ሃሃሃ! ያ ስልክ ውስጥ ያለው ሞደም ፈርምዌርስ? ለሱ ዶንግል የለም?

ሩት፦ እኔ ደካማ መሆኔ ሐሳቡን ስህተት አያደርገውም። ሰው ደረጃ በደረጃ ነው የሚሄደው።

ጥቁር ስክሪን፦ ደረጃ በደረጃ?! ትናንት እኔ ዋይፋዩ እስኪስተካከል ዴቢያን ላይ ልቆይ ስል «ግማሽ ነጻነት የለም» ያልከኝ አንተ አይደለህም?

ሩት፦ ያ ሌላ ነው።

ጥቁር ስክሪን፦ በምን?

አዲስ ገቢ፦ እኔ ያልገባኝ፣ ዶንግሏን ልግዛ ወይስ አልግዛ?

አሮጌው፦ ራውተርህ 2.4 ካለው ግዛ።

ሩት፦ አየህ፣ አንተም ግዛ አልክ።

አሮጌው፦ «ብቻ» አላልኩም።

ባለ ሁለት ሲስተም፦ ሩት፣ የ«እህቴ»ውን ነገር ግን እስካሁን አልመለስክልኝም።