ኦርጅናል ዶክመንታቸውን የያዝንባቸው ልጆች

የሐዋሳዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ከገባሁ ገና 8 ወሬ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የአውሮፓ ባየር፣ ማለትም ልብሳችንን የሚገዛ ድርጅት፣ ረጅም መጠይቅ ላከልን። ርዕሱ «ዘመናዊ ባርነት» ይላል። ሥራ አስኪያጃችን ወረቀቱን ሰጠኝና «እኛ ጋ ባርነት የለም፤ ሁሉም ላይ የለም እያልሽ ሙዪው» አለኝ።

ልሞላው ቁጭ አልኩ። መሀል ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። «የሠራተኞችን ኦርጅናል ዶክመንት ትይዛላችሁ?» ይላል። እንይዛለን። ከጀርባዬ ያለው ካቢኔት ሦስተኛው መሳቢያ ሙሉ ነው። እያንዳንዱ በላስቲክ ፎልደር፣ ስማቸው በእስክሪብቶ ተጽፎበት። የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ የ10ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ የአንዳንዶቹ የልደት ካርድ ጭምር። ሲቀጠሩ ነው የምንቀበላቸው። «እንዳይጠፋባችሁ» እንላቸዋለን። እውነቱ ግን ሥራውን ከለመዱ በኋላ ሌላ ፋብሪካ እንዳይሄዱብን ነው።

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ መጣች። ከወላይታ ገጠር ናት፤ 19 ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ ታመውባታል፤ ሥራ ልትለቅ ነው፤ ካርዷን ስጡኝ አለች። ሱፐርቫይዘርሽ ካልፈረመ አልሰጥሽም አልኳት። እሱ ደግሞ «ኦርደሩ ሳይወጣ አልፈርምም» አለ። ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ፣ ምንም ሳትናገር። ከዚያ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ያኔ ደንብ የማስከብር መስሎኝ ነበር። አሁን ልጅቷ ከዓይኔ አልጠፋ ብላለች።

ይሄ በእውነት ባርነት ይባላል? ሌላስ ምን ማየት አለብኝ?

ላይን 7፦

እህቴ፣ እኔም እዛው ሐዋሳ 2 ዓመት ኦፕሬተር ነበርኩ። ኮሌታ ነበር የምሰፋው። መነሻው 750 ብር በነበረበት ጊዜ ነው። አንዷን ክፍል ለአራት ተከራይተን እንኖር ነበር። ደመወዙ አንሶኝ ብዙ አልቅሻለሁ። የታሰርኩ ያህል የተሰማኝ ግን ልሂድ ስል «መልቀቂያ አንሰጥሽም» ያሉኝ ቀን ነው። ያለ መልቀቂያ የሚቀበለኝ ፋብሪካ አጣሁ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ልጆቹን ማን እንዳመጣቸው ጠይቂ። ከእኔ ጋር ከነበሩት ውስጥ በደላላ የመጡ ነበሩ። የመጀመሪያ ደመወዛቸው እጃቸው ሳይሞቅ ወደ እሱ ነው የሄደው። ዕዳ ያለባት ልጅ ደግሞ ቢሰድቧትም ቢገፈትሯትም አትሄድም። ስትጠይቂያቸው ቢሮ አትጥሪያቸው። ቢሮ የተጠራች ልጅ «ምንም ችግር የለም» ነው የምትልሽ።

የድሮ ኦዲተር፦

ጥያቄሽ ትልቅ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት የግዳጅ ሥራ ምልክቶች ብሎ 11 ነገር ዘርዝሯል። ዶክመንት መያዝ አንዱ ነው። ደመወዝ መያዝ፣ በዕዳ ማሰር፣ ማታለል፣ ማስፈራራት፣ ከልክ ያለፈ ኦቨርታይም ከሌሎቹ መካከል ናቸው። አንዱ ምልክት ስለተገኘ ብቻ ባርነት ነው ተብሎ አይፈረድም። እኔ ግን ፋብሪካ ስገባ መጀመሪያ የማጣራው ይህን ነው፦ ልጅቷ ልሂድ ብትል መሄድ ትችላለች? ያንቺ ልጅ ያን ቀን አልቻለችም።

በሕጉም ሱፐርቫይዘሩ የሚከለክልበት ሥልጣን የለውም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥታ መልቀቅ ትችላለች። ሒሳቧ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። የሥራ ልምድ ወረቀቷም በነፃ ይሰጣታል። ኦቨርታይም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ከደመወዟ የሚቆረጠው ተደምሮ ከወር ደመወዟ ሲሶ ማለፍ የለበትም።

አሁን ወደ መዝገብ ተመለሺ። የኦቨርታይም ሉሁን ብቻ አትመኚ፤ እሱ የሚጻፈው ለኦዲተር ነው። የተሰበረ መርፌ የሚመዘገብበትን ደብተር አውጪ። የትኛው ማሽን ላይ፣ በስንት ሰዓት እንደተሰበረ ይጻፍበታል። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሉሁ ሥራ 11 ሰዓት አለቀ ሲል፣ መርፌ ደብተሩ ላይ የማታ 3 ሰዓት ስብራት አገኘሁ። የሰርቪስ ሹፌሩንም ስንት ሰዓት እንዳደረሳቸው ጠይቂው። ከዚያ ባለፉት 6 ወራት የለቀቁትን ስም ይዘሽ ደውዪ። የሄደ ሰው አይፈራም።

ከሌስተር፦

እኔ የምኖረው እንግሊዝ፣ ሌስተር ነው። ልብስ ከሚሸጥ ድርጅት ጋር እሠራለሁ። ይህ የድሃ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2020 እዚሁ ከተማ፣ ሕጋዊው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 8.72 ፓውንድ ሆኖ ሳለ በ3.50 የሚያሠሩ ስፌት ቤቶች ተጋልጠዋል። የዘመናዊ ባርነት ሕጉ ከወጣ 5 ዓመቱ ነበር። ሕጉ የዓመት ሽያጩ 36 ሚሊዮን ፓውንድ የደረሰ ድርጅት መግለጫ እንዲያወጣ ያዛል። ግን «ምንም እርምጃ አልወሰድኩም» ብሎ መጻፍም ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረቱ ሕግ ይለያል። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2027 ጀምሮ በግዳጅ ሥራ የተመረተ ዕቃ ገበያው ላይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ይህን ለሥራ አስኪያጅሽ ንገሪው።

ጨርቁ ከየት እንደሚመጣም ጻፉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2022 ወዲህ ከቻይናው ዢንጂያንግ ክልል ጥጥ የተሠራን ልብስ፣ ተቃራኒው ካልተረጋገጠ በስተቀር የግዳጅ ሥራ ውጤት ነው ብላ ዕቃውን ትመልሳለች። አንድ ልመና ደግሞ አለኝ። መጠይቁ መጨረሻ ላይ ለባየሩም ጥያቄ ጻፊለት። ዲዛይን በመጨረሻ ሰዓት እየቀየረ የመላኪያ ቀኑን ግን ካልገፋ፣ ልጆቹን ማታ የሚያስመሸው እሱም ነው። እኛ ቢሮ ሁሌ የምከራከረው በዚህ ነው።

የሐዋሳዋ፦

ጋሼ ኦዲተር፣ ሁላችሁም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፍላችሁ። አዋጁን አትሜ ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። መጀመሪያ «ካርዳቸውን ይዘው ቢጠፉስ?» አለ። የ2027ቱን ሕግ ስነግረው ዝም አለ። በሁለተኛው ቀን ጠርቶኝ ኮፒ አስቀርተሽ መልሺ አለኝ።

ደመወዝ ቀን ካፌው ውስጥ ጠረጴዛ አወጣሁና እየፈረሙ ወሰዱ። አንዷ ካርዷን ከላስቲኩ አውጥታ ጥጓ እንዳልተቀደደ በጣቷ ዳሰሰችው። መጠይቁ ላይም «እንይዝ ነበር፤ መለስን» ብዬ ነው የጻፍኩት። የደላላውን ነገር ገና አልጨረስኩም። ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው ያወሩኝ፣ እሱም ሰርቪስ ውስጥ።

37 ፎልደር ቀርቷል። ባለቤቶቹ የሉም፤ ዶክመንታቸውን ትተው ነው የሄዱት። አንዱ የዚያች ልጅ ነው። ስልኳ አይሠራም። ምን ላድርገው?

ላይን 7፦

ካርዱ ላይ የትምህርት ቤቱ ስም አለ አይደል? እዚያ ቤተሰቧን የሚያውቅ መምህር አይጠፋም። ለሌሎቹም እንደዚያው አድርጊ።

የሐዋሳዋ፦

አዎ፣ አለው። ከሶዶ ወጣ ብሎ ነው። የእሷን ቅዳሜ ራሴ ይዤላት እሄዳለሁ።