ለአሮጌ ሞተር ወደ ወፍራም ዘይት መቀየር ተገቢ ነው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ 190,000 ኪሎ ሜትር የሄደች፣ የቤንዚን ሞተር ያላት ናት። የአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ 5ደብልዩ-30 ዘይት ያዝዛል፤ እኔም ከዚህ ወጥቼ አላውቅም። በቅርቡ ዘይት ላስቀይር ስሄድ ግን መካኒኩ «ሞተሩ አርጅቷል፣ ቀጭን ዘይት አይዝም» ብሎ 20ደብልዩ-50 እንድሞላ መከረኝ። ይህን ያለው በ1,000 ኪሎ ሜትር ሩብ ሊትር ያህል ዘይት እንደምትበላ ስለነገርኩት ይመስለኛል። ጭስ አይታይባትም፣ የዘይት መብራትም በርቶ አያውቅም። የምኖረው ብርድ በማይበረታበት አካባቢ ስለሆነ «5» የሚለው ቁጥር ለእኔ ትርጉም ከሌለው ምክሩን ልቀበል ወይስ በመጽሐፉ ልጽና?

መልስ 1

ብዙው ስሕተት የሚመነጨው ከቁጥሮቹ አነባበብ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። ሁለቱ ቁጥሮች ኤስኤኢ ጄ300 በተባለው የሞተር ዘይት ውፍረት ደረጃ መሠረት በተለያዩ ፈተናዎች የሚገኙ ናቸው። ከ«ደብልዩ» በፊት ያለው ዘይቱ በብርድ ሞተር ለማስነሣት የሚመች መሆኑን ይናገራል፤ የ5ደብልዩ ፈተና በ-30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የ20ደብልዩ ደግሞ በ-15 ዲግሪ ይካሄዳል። ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲሞቅ የሚቀርለትን ውፍረት ያሳያል፤ 30 የሚባለው ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ)፣ 50 የሚባለው ከ16.3 እስከ 21.9 ሴንቲስቶክ ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል።

ስለዚህ 5ደብልዩ-30 ሲቀዘቅዝ ቀጭን፣ ሲሞቅ ወፍራም የሚሆን ዘይት አይደለም። ማንኛውም የሞተር ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ይኸው ዘይት ሞተሩ ሳይነሣ፣ በ20 ዲግሪ ሳለ፣ ሲሞቅ ከሚኖረው ውፍረት ከአሥር እጥፍ በላይ ይወፍራል። በሞቃት አካባቢም ቢሆን ጠዋት የሚያስቸግረው የዘይቱ መወፈር እንጂ መቅጠኑ አይደለም ማለት ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ደግሞ 5ደብልዩ-30 እና 10ደብልዩ-30 በአንድ ክልል ውስጥ ናቸው።

መልስ 2

በሙያዬ መካኒክ ነኝ፤ የመካኒክዎን ሐሳብ ከየት እንዳመጣው ይገባኛል። ወፍራም ዘይት ሲሞላ የግፊት መለኪያው ከፍ ይላል፣ የሞተሩም ድምፅ ይለዝባል፤ ይህ እንደ መሻሻል ይቆጠራል። ነገር ግን ግፊቱ የጨመረው ዘይቱ ለማለፍ ስለተቸገረ ነው፤ በክፍተቶቹ ውስጥ የሚያልፈው መጠን አልጨመረም። የቫልቮቹን የመክፈቻ ጊዜ በዘይት ግፊት የሚለዋውጥ ሞተር ከሆነ ደግሞ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች ፈጥኖ መድረስ ስላለበት ከመጠን ያለፈ ውፍረት አሠራሩን ያዘገየዋል።

በ1,000 ኪሎ ሜትር ሩብ ሊትር ለዚህ ዕድሜ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ አንዳንድ አምራቾች ከዚያ የበዛውንም እንደ ጤናማ ይቀበላሉ። ቢሆንም መንስኤውን ይፈልጉ። ዘይት ትበላለች ተብላ ወደ እኔ የመጣች አንዲት መኪና ሦስት ጊዜ ወፍራም ዘይት ተሞልቶላት ምንም ለውጥ አላሳየችም ነበር፤ ችግሩ የተደፈነ የሞተር መተንፈሻ ቫልቭ (በሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጋዝ የሚያስወጣው) ሆኖ ተገኘ። እሱ ደኅና ከሆነ ወደ ውጭ የሚያፈስ ቦታ፣ ቀጥሎ የቫልቭ ዘንግ ጎማዎች፣ በመጨረሻም የፒስተን ፋሻዎች ይታያሉ።

መልስ 3

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም ወፍራም ዘይት ሁልጊዜ ስሕተት ነው እንዳይባል። ብዙ መመሪያ መጻሕፍት ከአንድ በላይ ደረጃ በሙቀት ሰንጠረዥ ይፈቅዳሉ፤ ከባድ ጭነት ለሚጎትት ወይም ረጅም ዳገት ለሚወጣ መኪና ሰንጠረዡ ከፈቀደ ከ30 ወደ 40 መሄድ ምክንያታዊ ነው። ከ30 ወደ 50 መዝለል ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከቁጥሮቹ ጎን የተጻፈውንም ያንብቡ። ሁለት ጠርሙሶች 5ደብልዩ-30 ተብለው በ150 ዲግሪ በከፍተኛ ጫና ሲለኩ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ኤሲኢኤ ሲ3 የሚል የአውሮፓ መኪና አምራቾች ማኅበር ምልክት ያለው ቢያንስ 3.5 ሚሊፓስካል ሰከንድ (ይህም የውፍረት መለኪያ ነው) መያዝ ሲኖርበት፣ ነዳጅ ለመቆጠብ የተሠሩት ወደ 2.9 ሊወርዱ ይችላሉ። አምራቹ የጠየቀው ምልክት ከሌለበት ቁጥሩ ቢገጥምም ዘይቱ አይገጥምም።

የጠያቂው ምላሽ

ከልብ አመሰግናለሁ። ሰንጠረዡን ሳየው ከ5ደብልዩ-30 ሌላ የተፈቀደው 10ደብልዩ-40 ብቻ ነው፤ 20ደብልዩ-50 የለበትም። ስለዚህ በ5ደብልዩ-30 ቀጥዬ የመተንፈሻ ቫልቩን አስፈትሻለሁ። የሚጎድለውን መጠን በትክክል ለማወቅ ግን እንዴት ልለካ?

መልስ 2

መኪናዋን ሜዳ ላይ ያቁሟት፤ መጽሐፉ ሌላ ካላዘዘ ሞተሩን ካሞቁ በኋላ አጥፍተው ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። መለኪያ ዘንጉን ጠርገው መልሰው ያስገቡና ያንብቡ። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሁኔታ እየለኩ፣ የጨመሩትን መጠንና ኪሎ ሜትሩን ይመዝግቡ፤ ቫልቩ ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ማየት የሚችሉት እንዲህ ነው።