ለሁለት ዓመት የቆሙ የኤሌክትሪክ ጋሪ ባትሪዎችን ማዳን ይቻላል?

ጥያቄ (ከማራኪ፣ ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። በማስተዳድረው አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ፣ ዳገቱን በእግር መውጣት የሚከብዳቸውን አረጋውያን ከግቢው በር እስከ መኝታ ክፍሎቹ ለማድረስ አስቤ፣ ለጎልፍ ሜዳ የተሠራች ያገለገለች የኤሌክትሪክ ጋሪ ገዛሁ። ሻጩ ባትሪዎቹ ቻርጅ ብቻ እንደሚፈልጉ ነግሮኝ ነበር፤ ጋሪዋ ሁለት ዓመት ያህል መጋዘን ውስጥ እንደቆመች የሰማሁት ግን ገንዘቡን ከከፈልሁ በኋላ ነው።

ባትሪዎቹ ባለ 6 ቮልት ሲሆኑ፣ ስድስቱ በተከታታይ ተያይዘው 36 ቮልት ይሰጣሉ። በመልቲሜትር ስለካቸው አምስቱ ከ5.4 እስከ 5.7 ቮልት ያሳያሉ፤ ስድስተኛው 3.4 ላይ ነው። ክዳኖቹን ስከፍት በሁለቱ ባትሪዎች ውሃው ወርዶ በውስጣቸው ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች (ፕሌቶች) ጫፍ ነጣ ብሎ ይታያል። ቻርጀሩ ቢሰካም ሥራ አይጀምርም። አንድ ጎረቤቴ አሮጌው አሲድ ተደፍቶ አዲስ እንዲሞላ መክረውኛል። ስድስት አዲስ ባትሪ መግዛት አሁን ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ምክራችሁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ (ከአራዳ፣ ባትሪ ጠጋኝ)

ወንድሜ፣ እባክዎ አሲዱን አይድፉ። ጎረቤትዎ በቅን ልቡና እንደመከሩዎት አልጠራጠርም፤ ሆኖም አሲዱ ከባትሪው ጠፍቶ አልሄደም። ባትሪው ኃይሉን ሲጨርስ ከአሲዱ የተወሰነው ክፍል ከእርሳሱ ጋር ተዋህዶ በፕሌቶቹ ላይ ሊድ ሰልፌት ይሆናል፤ ሳይሞላ ለወራት ሲቆይም ይህ ሽፋን እየጠነከረ ኤሌክትሪክ በቀላሉ የማያሳልፍ ቅርፊት ይፈጥራል። በዝግታ ቻርጅ ሲደረግ ግን ገና ያልጠነከረው ክፍል እየሟሟ አሲዱን ወደ ፈሳሹ ይመልሳል። በላዩ አዲስ አሲድ ከጨመሩበት የፈሳሹ ጥንካሬ ከልክ ያልፍና ፕሌቶቹን ይበላቸዋል፤ የፈሳሹን ክብደት ከውሃ ጋር አነጻጽሮ የሚለካው ሃይድሮሜትርም የሌለ ጤንነት ያሳይዎታል።

በመጀመሪያ የተጣራ የባትሪ ውሃ ይግዙ። የቧንቧ ውሃችን፣ ከአንገረብም ይምጣ ከጉድጓድ፣ ማዕድን ስላለው አይሆንም። አሁን የሚጨምሩት ፕሌቶቹን እስኪሸፍን ድረስ ብቻ ነው፤ ፈሳሹ ቻርጅ ሲደረግ ከፍ ስለሚል ከሞሉት አሲድ ቀላቅሎ ይፈስሳል። ቀሪውን ባትሪው ቻርጅ ተደርጎ ካበቃ በኋላ ከአፉ 6 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እስኪቆም ይጨምሩ።

ቻርጀሩ ዝም ያለው የስድስቱ ድምር 31 ቮልት ገደማ ስለሆነ ይመስለኛል፤ ብዙዎቹ ቮልቴጁ ከተወሰነ መጠን ሲያንስ አይነሡም። ስለዚህ ባትሪዎቹን ነጣጥለው፣ ተቀራራቢ የሆኑትን ሁለት ሁለቱን በተከታታይ አገናኝተው በመኪና ባለ 12 ቮልት ቻርጀር፣ በ5 አምፔር አካባቢ ይጀምሩ። የእነዚህ ባትሪዎች አቅም ብዙ ጊዜ ከ200 አምፔር ሰዓት በላይ ስለሆነ ሁለት ቀንና ከዚያም በላይ ቢወስድ አይደንግጡ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አንዳንድ ቻርጀር በራሱ አይነሣምና ሌሊት ሄደው ይመልከቱት። ባትሪው በእጅ ሊነካ የማይቻል እስኪሆን ከሞቀ ያቋርጡ።

ከዚያ የእያንዳንዱን ሴል (በባትሪው ውስጥ ለየብቻ የተከፈለውን ክፍል) ፈሳሽ በሃይድሮሜትር ይለኩና ቁጥሩን በጠመኔ ከክዳኑ አጠገብ ይጻፉ። በደንብ የሞላ ሴል 1.265 እና ከዚያ በላይ ያሳያል፤ ባዶው 1.120 አካባቢ ነው። ባለ 3.4 ቮልቱ ከሦስት ሴሎቹ አንዱ የሞተ ይመስለኛል፤ ቢሞክሩትም ብዙ ተስፋ አይጣሉበት። ነጣ ብሎ የታየዎት የፕሌት ጫፍም አየር ያገኘው ስለሆነ በውሃ አይመለስም፤ ያ ባትሪ ቢነሣ እንኳ አቅሙ ይቀንሳል።

መልስ (ከአዘዞ)

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ የምጨምረው ስለ ደኅንነት ነው። ቻርጅ በሚደረግበት ጊዜ ከሴሎቹ የሚወጣው ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ስለዚህ በረንዳ ላይ፣ ከከሰል ምድጃና ከሲጋራ ርቆ ይሁን፤ የቻርጀሩን ገመድ ከባትሪው ከማላቀቅዎ በፊትም ቻርጀሩን ከሶኬት ይንቀሉ። መነጽርና የላስቲክ ጓንት ያድርጉ፤ የፈሰሰ አሲድ ቢኖር የሚያረክስልዎት ቤኪንግ ሶዳ በአጠገብዎ ይኑር። የሞተውን ባትሪ በአዲስ አይተኩት፤ አዲሱ ከደካሞቹ ጋር ተጠምዶ ቶሎ ያረጃል። ተመሳሳይ ዓይነትና ተቀራራቢ ዕድሜ ያለው ያገለገለ ቢያገኙ ይሻላል።

ጠያቂው፣ ከ12 ቀናት በኋላ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስቱ ባትሪዎች በሁሉም ሴሎቻቸው ከ1.255 እስከ 1.270 ደርሰዋል። ውሃ ጎድሎባቸው ከነበሩት አንዱ 1.225 ላይ ቆሞ አልወጣም፤ ሌላው 1.240 ነው። ስድስተኛው እንደተባለው ሆነ፤ መካከለኛው ሴል ሌሎቹ ሲፍለቀለቁ አንዲት አረፋ እንኳ ሳያወጣ 1.130 ላይ ቀረ። በምትኩ ያገለገለ ባትሪ አገኘሁ። ትናንት ጋሪዋን ባዶዋን ዳገቱን ስድስት ጊዜ አመላልሼ ወዲያው ስለካ፣ ባለ 1.225ቱ ከሌሎቹ በ0.4 ቮልት ወርዶ ነበር። እስኪተካ ድረስ ሰው ጭኜ ዳገቱን አልወጣባትም፤ ለጊዜው በሜዳው በኩል ሻንጣ ታመላልሳለች።

መልስ (ከአራዳ)

ደካማውን ለብቻው እስከ 7.7 ቮልት በሚደርስ ዝግተኛ ማስተካከያ ቻርጅ (ደካማ ሴሎች ከሌሎቹ እኩል እንዲደርሱ ሆን ተብሎ ከተለመደው በላይ በሚደረግ ቻርጅ) አንድ ጊዜ ይሞክሩት፤ በየሰዓቱ በሃይድሮሜትር ይለኩ፣ ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ካልጨመረ ያቁሙ። የሞተውን ባትሪ ግን ሕፃናት በሚደርሱበት ቦታ አያስቀምጡ፤ እርሳስና አሲድ ነው።