«የጂን አገላለጽ» ወይስ «የጂን መገለጥ»?

ዳንግሌ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የዋሸራ በግ ለሚያረቡ ገበሬዎች የሚሰጥ የሥልጠና ጽሑፍ እያረምኩ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜያለሁ፦ «ሜላቶኒን ከተቀባዩ ጋር ሲገናኝ የጂን አገላለጽን ይቀይራል።» ለእንግሊዝኛው «ጂን ኤክስፕሬሽን» የቆመው «አገላለጽ» አልዋጥልህ አለኝ። ጂን ምን ይገልጻል? ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል።

ሜላ ፈላጊ፦ መጀመሪያ ሜላቶኒን ራሱ ይፈታ። «ሜላ» ዘዴ አይደል? ሲጨልም ሰውነት ሜላ ይፈልጋል። ሥሩ የኛ ነው ባይ ነኝ።

የእንስሳት ሐኪሟ፦ ኧረ ተው። «ሜላስ» በግሪክ ጥቁር ማለት ነው። የየል ዩኒቨርሲቲው አሮን ለርነር ሆርሞኑን በ1958 እ.ኤ.አ. አንጎል ውስጥ ካለው የከብት ፓይኒያል እጢ ለይቶ አወጣው። እንቁራሪት ቆዳ ላይ ሲያርፍ ጥቁሩ ቀለም ይሰበሰብና ቆዳው ይፈካል። ስሙ ከዚያ መጣ። «ቶኒን» ከሴሮቶኒን ነው።

የቅኔ መምህር፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ። «አገላለጽ» የአነጋገር ስልት ነው፤ ጂን ስልት የለውም። ግእዙ «ከሠተ» አለልን። «ክሥት አዕይንትየ» ይላል ዳዊት። ዓይኑ አለ፤ የሚለመነው መከፈቱ ነው። ጂኑም አለ። «ክሥተተ ጂን» በሉት።

ባሕር ዳሬ፦ የኔታ ይፍቀዱልኝና፣ ገበሬው «ክስተት» ሲባል በሽታ የገባ ይመስለዋል። በሬዲዮ የሚሰማው «ወረርሽኝ ተከሰተ» ነው። በጎቹን ሊያስከትብ ይሮጣል!

የቅኔ መምህር፦ ቃሉን ያበላሸው ዜና አንባቢው ነው። እኛ ዋሸራ ቅኔ ስንቆጥር «ከሠተ» ገለጠ፣ ከፈተ ነበር። አሁንም ነው።

ሜላ ፈላጊ፦ በጉም ዋሸራ፣ ቅኔውም ዋሸራ! ማን ይከራከራል?

የእንስሳት ሐኪሟ፦ የኔታ ያሉት ልክ ነው፤ የጂኑ ፊደል አይለወጥም። የሚለወጠው ስንት ጊዜ እንደሚቀዳ ነው። ሜላቶኒን የሚመነጨው በጨለማ ነው፤ ሌሊቱ ሲረዝም እሱም ደም ውስጥ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ከአንጎል ሥር ባለው ፒቱታሪ እጢ ላይ ፓርስ ቱበራሊስ የሚባል ቦታ አለ። ኤምቲ1 የተባለው ተቀባይ፣ ማለትም ሜላቶኒንን የሚይዘው የሕዋሱ ፕሮቲን፣ እዚያ ታጭቋል። ሲመሽ ሜላቶኒን ይደርሰዋል፣ ክራይ1 የሚባለው ጂን ቅጂው ይበዛል። ቀኑ ሲረዝም ደግሞ እዚያው ቲኤስኤች የሚባል ሆርሞን ይመረታል። እሱ ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ዲአዮ2 የተባለውን ጂን ይቀሰቅሳል፤ በዚያ የታይሮይድ ሆርሞን ወደሚሠራው መልኩ ይቀየራል፤ የመራቢያ ሆርሞኖች መጨመርና መቀነስም በዚህ ይመራል። የአውሮፓ በግ ሌሊቱ መርዘም ሲጀምር አውራ የምትፈልገው በዚህ መንገድ ነው። ጎጃም ውስጥ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት 1 ሰዓት ተኩል አይሞላም። በጎቻችንም ወቅት ሳይጠብቁ ይወልዳሉ።

የቢቸናዋ፦ «ተቀባይ»ን ሁላችሁም ዘለላችሁት። ሠርግ ላይ ዘፈን አውጪ አለ፣ ተቀባይ አለ። ተቀባይ ዕቃ እንደሚረከብ ሰው አይደለም፤ ይመልሳል። ሜላቶኒን ያወጣል፣ ኤምቲ1 ይቀበላል፣ ሕዋሱ ይንቀሳቀሳል። ቃሉን አትንኩት።

ዳንግሌ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ምን ልጻፍ? «መገለጥ» ልበል ወይስ «መቀዳት»?

የቅኔ መምህር፦ «መገለጥ» ለመላእክት ይቆይ።

ባሕር ዳሬ፦ መጽሐፍም እኮ ይገለጣል፣ ብርድ ልብስም ይገለጣል። መልአክ አያስፈልገውም።

የቅኔ መምህር፦ ቆይ፣ «ገለጠ»ና «ገለጸ» አንድ ሥር ናቸው ትላለህ? መጀመሪያ ይህን እንለይ።